የመጨረሻ ንባብ

ሃያ ሁለት ዓመት በየወሩ መጥቼ፣
የቆርቆሮ አጥራቸውን በብዕሬ መትቼ፣
«የውሃ ነኝ!» እያልኩ፣ ውሻው ሳይጮኽብኝ፣
ሕፃኑ እየሮጠ በሩን ሲከፍትልኝ፣
ከሰኞ ገበያ ሽቅብ፣ እስከ ጦሳ ግርጌ፣
የሰው ጥም እየቆጠርኩ አረጀሁ በወጌ።

ጎረቤት ሳይሰማ፣ ጡሩምባ ሳይነፋ፣
ቀድሜ አውቃለሁ እኔ፣ ጓዳ ሲጠብ፣ ሲሰፋ።
«ሦስት ኩብ ጨምሯል የዘርፌ ቆጣሪ፤
ልጅቱ ወልዳለች፤ ምን ያሻል ነጋሪ!»

አንድ ወር የሐጂ ጡሃ መዘውር ቆሞ ጠበቀኝ፤
«ያለ ውዱዕ አያድር!» ሆዴ ባር ባር አለኝ።
ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ አልጋ ይዟል።
ማንቆርቆሪያው ግን አፉ ድረስ ሞልቷል።
የአምስት ወቅቱ ውሃ፣ ከአጥሩ ማዶ ተቀድቶ፣
በመሪጌታ ቤት ቁጥር
ሲለካ ኖሯል ለካ።
መዝገቤን ገልጬ አየሁት፤
እንዲህ ያለው የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣ ሰፈሩን ሲያለብሰው፣
በድምፁ ነበረ የምለየው ሰው፤
የይማም ሙሄ ሲንጀር፣ ቀጭ ቀጭ ከበረንዳው፣
የጎሚስታው መዶሻ፣ የመሪጌታ ሳል ከጓዳው።
ያ «የዓረብ ሱቅ» የምንለው፣ ዓረቡ ከሄደ አርባ ዓመቱ፣
የወረኢሉ ልጅ ነው አሁን ባለቤቱ፤
የስልክ ሽፋን ይሸጣል።
«ዓረቡ!» ብለው ሲጠሩት
አቤት ይላል።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ልጆች ቀይ ቀለም ይዘው መጡ፣
በየግድግዳው ላይ ቁጥር አስቀመጡ።
እኔም የቁጥር ሰው ነኝ፤ ይሄኛው ግን አልገባኝም፤
ካለፈው ወር ተቀንሶ ልዩነቱ አይወጣም።

«ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣
በሌሊት ባትሪ፣ በክረምት ጃንጥላ ይዤ የምሄድበት!
ናፍቆቱን ለእናንተ» አለች ዘርፌ ስትስቅ፣
«ለኔ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ስጡኝ፤ ሌላ አልጠይቅ።»
መልስ አጣሁላት።
የልጅ ልጇን አዝላ፣ ወደ ኋላ ሳታይ፣
የአራተኛ ፎቅ ቁልፏን ስታወዛውዝ ሄደች።

ይማም ሲንጀሩን በባጃጅ ጫነ።
ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ማንን ሊለካበት?
በቃሉ የሚያውቀው ስንቱ ወገብ፣ ስንቱ ትከሻ፣
አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ የት እንደሆነ እንጃ።
ሐጂ ጡሃ ግን አልጠበቀም፤
ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣
መሪጌታ ከቃሬዛው ኋላ፣ በዝናቡ፣ ያለ ጃንጥላ ሸኙት።

ዛሬ ለመዝጋት መጣሁ።
ዶዘሩ አልፎበታል፤ ደፍም የለ፣ ደጃፍ፤
አንድ ግድግዳ ብቻ፣ ምን እንደያዘው እንጃ፣ ቆሟል ሳይረግፍ፤
በዚህ ጎን የሐጂ አረንጓዴ ቀለም፣
በዚያ ጎን የመሪጌታ ሥዕል የተሰቀለበት ምስማር።
ውፍረቱ አንድ ስንዝር አይሞላም።
ይሄን ያህል ቅርብ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

የቆጣሪውን መስታወት በመዳፌ ጠረግኩት፤
ይዞራል።
ቤት የለ፣ ጠጪ የለ፤ ይዞራል።
ከፍርስራሹ ሥር ቧንቧው ፈንድቶ፣
ውሃው በጡቡ መሐል መንገዱን አግኝቶ፣
ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቁልቁል ወደ ቦርከና ይወርዳል።

ደንቡ «ዝጋ» ይላል። መፍቻው እጄ ላይ ነው።
በርከክ ብዬ በእፍኜ ቀዳሁ፤ ፊቴን ታጠብኩ፤
ከዚያ ዘጋሁ።
መዘውሩ ትንሽ አመነታ፤ ቆመ።

የኔን እፍኝ በማን ስም እንደማስገባው
ቸግሮኝ ቆየሁ፤
በመሪጌታ ላይ ጻፍኩት።