ቁጥር ሃያ

ሐረጎ ላይ ጉም ነበር።
የይመር ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ፣
እያንዳንዱን ጥምዝ በክላክስ አስፈቅዶ ገብቶ፣
ኬኩ ከጭናችን ወደ በሩ ሸሽቶ፣
በክሬም ካጻፍነው «እንኳን አደረሳችሁ»
«እንኳን» ብቻ ቀረ፣ ሌላው ተጨማልቆ ጠፍቶ።

አሥራ ዘጠኝ ነን ብለን ነው የተመዘገብነው፣
ከሮቢት፣ ከአራዳ፣ ከሰኞ ገበያ የተጠራቀምነው፤
ነርስ አለ፣ ጎሚስታ፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ፣
ዐረፋ የራሱ የሆነ፣ ዐረፋን ለጎረቤቱ የሚይዝ፤
ሁላችንም ባንድ ቲሸርት፣ ትከሻው በሚወርድ፣
ነጋዴው «ለበጎ ሥራ ከሆነ» ብሎ የጣለልን እንደ ግርድ።
ይመርን ማንም አልቆጠረው፤ ሹፌር ነዋ፣ ይነዳል።
እኔ ባለ ዝርዝሯ፤ እስክሪብቶዬ ጆሮዬ ላይ ይውላል።

ኮምቦልቻን አለፍን፣ ቦርከና ደፍርሶ፣
አስፋልቱ አለቀ፣ ጭቃው ከጎማው ወገብ ደርሶ፤
ወርደን ገፋን፣ እምቢ አለ፤ ከማሳው ሲሮጡ አየን፣
ልንረዳቸው የመጣን ልጆች መጥተው ገፉልን።

የትምህርት ቤቱ ግቢ። ቆርቆሮው ነፋስ ሲነካው ያጨበጭባል።
የብርቄ ፕሮግራም «ሦስት ሰዓት፣ ንግግር» ይላል፤
አምስት ሰዓት ሆኗል።
«ሁለቴ የሚወስድ እንዳይኖር!» አለች ድምፅ ማጉያ ይዛ፣
እኔም በየመዳፉ ቁጥር መጻፍ ያዝኩ፣ ቀና ሳልል፣ በዋዛ።

«መዳፍህን። መዳፍሽን። ቀጥል።»
የሻከረ፣ የተላጠ፣ በቫዝሊን የወዛ።
አሥራ ሁለት። ሃያ ስምንት። ፊት አላየሁም፤
እጅ ብቻ ነበር፣ እጅ ደግሞ ስም የለውም።
አርባ አንድ ላይ መዳፉ ጭብጥ አለ፦
«ይኼኛው ሒና ነው፣ ሌሊቱን ሳልነካው ያደርኩት፤
ግራዬ ላይ ጻፊው።
ዘምዘም ነኝ።»
ዝርዝሩን አየሁት፤
ለስም የሚሆን ቦታ አልተውኩበት።

ጫማው ስልሳ ነበር። ልጆቹ ስልሳ አራት።
«አልቋል፣ ይቅርታ፣ ለከርሞ» አልኳቸው የመጨረሻዎቹን አራት፤
ቁጥሬን በእጃቸው፣ ከረሜላዬን ባፋቸው ይዘው
አጥሩ ላይ ወጡ፣ ከሌላው ራቅ ብለው።

ኬኩ ሲቆረስ አንዱ ፊደሉን ቆጥሮ አነበበ፦
«እ-ን-ኳ-ን።»
ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንኳን ምን?» አለን።
ሳቅን። የመለሰለት ግን የለም።

ልንሄድ ስንል ዘምዘም ባልዲ ይዛ መጣች።
ዐረፋ ዘንድሮ ከእሸት ገጥሟል፤
ቅቅል በቆሎ ነው፣ በቅጠል ተሸፍኗል።
«ተሰለፉ!» አለች።
እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ ላይ አነሳች፦
«ሁለቴ የሚወስድ እንዳይኖር።»
ከማን ጀመረች? ከይመር!
መሪ ባሻከረው መዳፉ ላይ «አንድ» ብላ ጻፈች።
ይመር እጁን አየው፣ ሳቀ፣
ሳቁን መሃል ላይ ዋጠው፣ ፊቱን ወደ መኪናው አራቀ።

ብርቄ ሰባት። ነርሱ አሥራ አንድ። እኔ መጨረሻ፣ ሃያ።
ባልዲው ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ብቻ ነበር በዚያ።
«አሥራ ዘጠኝ ናቸው ብለውን ነበር» አለች፣ ባልዲውን አዘንብላ፤
«አልቋል» ግን አላለች። ገባች ማሳው መሃል፣
አገዳው ሲወዛወዝ፣ ሲሰበር ይሰማል፤
ጥሬ እሸት ይዛ ወጣች፣ ጸጉሩ ገና እርጥብ።
«ቤትሽ ቀቅዪው» አለችኝ፣
«ጨው እንዳትረሺ።»

ማታ ሐረጎን ወጣን፣ ጉሙም ተመልሶ።
ብርቄ ፎቶ ትመርጣለች፣ ስልኳ ፊቷን አብርቶ።
እሸቱ ጭኔ ላይ ነው፣ ጠዋት ኬኩ በነበረበት፤
መዳፌ ላይ ሃያ ቁጥር፣ ላብ ያደበዘዘበት።

እኔ የማስበው ግን
ስልሳ አንድን፣ ስልሳ ሁለትን፣
ስልሳ ሦስትን፣ ስልሳ አራትን፤
አሁን እጅ ሲታጠቡ
እናት «ይኼ ምንድነው?» ብትል መዳፋቸውን ይዛ በኩራዝ ብርሃን፣
ምን ብለው ይሆን?