ሦስት ጣሳ ከእፍኝ

አምስት ኪሎ፣ ከሙዚየሙ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፤
የጀሶ አቧራ ቅንድቤ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ወንፊት፣ ሚዛን፣ የራስ ቅል።
ጸዳለ ከሰፈሯ ወፍጮ ቤት አንድ ኪሎ ጤፍ ይዛ መጣች።
«ነጭ ነው ሰርገኛ?» አልኳት።
«ለሞተ ሰው ምን ይለየዋል?» ብላ ሳቀች።

ቅሉን ገልብጠን፣ በማጅራቱ ቀዳዳ
ጤፉን አንቆረቆርን፣ ቀስ ብለን፣ ጀሶው እንዳይጎዳ።
ሞላ። መልሰን ሰፈርነው በቲማቲም ጣሳ፤
አንድም አልሞላ፣ ጣት ሲቀረው አለቀ፤
ይህን ይዞ ነው ያ የበረሃ ሰው በሁለት እግሩ የተነሳ።

«የኛስ?» አልኩ። ከመደርደሪያው የዘመናችንን አወረደች፤
ሦስት ጣሳ ቀዳን፣ በላዩ እፍኝ ጨመረች።
«ሦስት ጣሳ ከእፍኝ» ብላ መዝገቧ ላይ አሰፈረች።

ኮራሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ፤
ሁለት ጣሳ የሚያልፍ ትርፍ አለኝ።

መስኮቱ ሥር ኮሽ አለ።
ቁራ ነው፤ ያ መንቁረ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ የተለጠፈበት፤
የምሳዬን ፌስታል
ባንድ እግሩ ረግጦ ቋጠሮ ይፈታል።
እኔኮ ያን ቋጠሮ ሁልጊዜ በጥርሴ ነው የምበጥሰው!
የሱ ናላ ቢበዛ ግማሽ ሎሚ ነው፣ ጣሳው ቂጥ ላይ የሚቀር፤
እንቁላሉን በላ፤ ዳቦውን ግን ለነገ ብሎ ከጣሪያው ክዳን ሥር ሲቀብር
አየሁት። ዞር ብሎ አየኝ፤ መታየቱን አወቀ፤
ከቀበረበት አውጥቶ ሌላ ቦታ ደበቀ።

«በጣሳ ቢሆንማ» አለች ጸዳለ፣ «ዓሣ ነባሪ ነበር ዳኛ፤
በረዶ ሀገር የኖሩት ዘመዶቻችን እንኳ ይበልጡ ነበር ከኛ።
የት አሉ?»

የት አሉ። እኔም የክፍሉን ቁልፍ የት እንዳኖርኩ ረሳሁ፤
ሦስት ጣሳ ከእፍኝ ተሸክሜ ኪሴን አሥር ጊዜ ዳሰስኩ።

ስልክ ጮኸ። ምንታምር፣ የመጨረሻዋ ልጄ፣
ምጥ ይዟት ዘውዲቱ ሆስፒታል ገብታለች።
ሮጥኩ፤ በሩን ሳልቆልፍ።

ታክሲው ውስጥ አሥራ ስምንት ራስ፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» ይላል።
በሆዴ አባዛሁት፦ ሃምሳ አራት ጣሳ፣ አሥራ ስምንት እፍኝ፤
ይህ ሁሉ እውቀት ከአራት ኪሎ እስከ ካሳንቺስ
መስኮት ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት ብሎ ይጨቃጨቃል።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። አግዳሚው ቀዝቃዛ።
«ጭንቅላቱ ትልቅ ነው» አለች አዋላጇ፣ «ትንሽ ያስቸግራል፤»
ስድሳ ዓመት ስጠራው የኖርኩትን ቃል
ያን ሌሊት ገና ሰማሁት፤
ጭንቅላት።
ጭንቅ አላት።

ለመቆም ብለን ዳሌ ጠበበ፤ ቆይቶ ደግሞ ራስ ሰፋ፤
የሁለቱን ክርክር የምትሸመግለው ከመጋረጃው ወዲያ ናት፣
አንሶላ ነክሳ የምትገፋ።
እኔ ደግሞ በቀን ስኮራ የዋልኩት በማን ዕዳ ኖሯል?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጩኸቷ ተሰማ፤ የትንሿ።
ነርሷ ሜትር አውጥታ በግንባሯ ዙሪያ ጠመጠመች፤
«ሠላሳ አምስት ሴንቲ» አለች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች።
ልማድ ነውና በጣሳ መነዘርኩት፤
አንድ፣ ጣት ሲቀረው።
ልክ እንደዚያ እንደ በረሃው ሰው!

የቀረው ሁለት ጣሳ ከእፍኝ እሷ ጋ የለም ገና፤
ውጭ ነው ያለው፤ በእናቷ ጡት፣ በታክሲ ተራው ጩኸት፣
ቋጠሮ በሚፈታ ወፍ፣
እኔ በማላውቀው ጥያቄ።

እርግብግቢቷ ይመታል፣ ከፍ ዝቅ፣
እንደ በር፣ ሰው ረስቶ እንዳልዘጋው።
መዳፌን ጣል አደረግኩባት፤ ሞቀኝ።
ከእጅጌዬ ስፌት ጥቂት ጤፍ ረገፈ፣ ፎጣዋ ላይ።
አልሰፈርኩትም።