መቼት

«መቼ» እና «የት»ን ባንድ ክር ሰፍተው
«መቼት» አሉት አሉ።
እኔም ከሰሌዳ፣ ከደብተሬ ጥግ ላይ፣ ለፈተና ገልብጬ፣
አውቄው ነበረ፣ እንደ መራራ ክኒን ሳላኝከው ውጬ።

ኋላ ልብ ወለድ ጀመርሁ፣ ጎቲክ የሚሉትን፣ ጨለማ ጨለማውን፤
አንዲት መበለት አለች፣ ፈንታዬ፣ ባሏ በሰው እጅ የሞተባት፣
አንድ የተቆለፈ ክፍል፣ ሌሊት ሌሊት ኮሽታ የሚሰማበት።
ጻፍሁት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ታክሲ ከታች እየተጣራ፣
በነጭ አምፖል ብርሃን፣ ጥላ በማያውቅ ጣራ።
ፈንታዬ ጮኸች፤ ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑን እንኳ አልቀነሰም፤
ጩኸቷ ከወረቀቱ ወጥቶ እኔው ጆሮ አልደረሰም።

ነሐሴ ላይ ደጀን ሄድሁ።
ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ አንድ የድሮ ቤት አለ፤
የግራዝማች ነበር ይላሉ፤ ደርቡ ወደ ገደሉ ያዘነበለ፣
ቆርቆሮው እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም የጎደለ፣
የመስኮቱ መዝጊያ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር፣ «ማነህ?» የሚል የመሰለ።
ዘበኛው እንየው ቁልፍ ሰጠኝ፣ የብረት፣ እንደ ዶማ የከበደ፤
«ያኛውን ክፍል ግን አይክፈቱት» ብሎ፣ ኩራዝ አስቀምጦ ሄደ።

ከዚያ ጉሙ መጣ።
እኔ የማውቀው ጉም ከሰማይ ይወርዳል፤ የደጀኑ ግን ከታች ነው የሚወጣ፣
ከገደሉ ሆድ፣ ድንጋይ በድንጋይ እየዳሰሰ፣ እንደ ዓይነ ስውር።
መጀመሪያ ባሕር ዛፉን ዋጠ፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ቀጥሎ በሩን፤
ቤቱ ብቻ ቀረ፣ ከዓለም ተቆርጦ፣ እንዳጣ ሰው ሀገሩን።

ኩራዙን አስጠጋሁ። ያንኑ ገጽ ገለጥሁ፣ ያንኑ አሮጌ ዓረፍተ ነገር፦
«ፈንታዬ በሩን ከፈተች።»
አንድ ቃል አልጨመርሁም። አንድ ቃል አልሰረዝሁም።
እጄ ግን ተንቀጠቀጠች።

ቤቱ ነበር የሚጽፈው፦
የረጠበው ግድግዳ የመበለቷን ፊት፣
የወለሉ ሳንቃ የሟቹን እርምጃ፣
ምስጥ የበላው ጉበን ያልተፈረደውን ፍርድ፤
ገደሉ ደግሞ፣ ከደጅ፣ ዝም የተባለውን ሁሉ።
ጅብ እንኳ አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ፤ የጅብን ስም አውቃለሁ።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ከተቆለፈው ክፍል፣
ኮሽ አለ።
ቆመ።
ደግሞ ኮሽ አለ።

ሲነጋ የእንየው ሚስት የሻረግ መጣች፤ ክፍሉን ከፍታ ሳቀች፦
የሽምብራ ጆንያ፣ የተሰበረ ቀፎ፣ ገለባ ላይ አንዲት ዶሮ፣ እንቁላል የታቀፈች።
«እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው እኮ አይክፈቱ ያስባልሁት።»
ስለ ጉሙ ጠየቅኋት፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍሁት
ሳልነግራት።
«ኧረ ጉሙ! አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ደስታዬ እኮ እሱ ነበር።
ጉሙ ሲወጣ እንየውና እኔ ከደጃፉ ተቀምጠን እንስቃለን፤
አማቴ አታየን።»

ያው ጉም ነው። ያው ደጃፍ።
ለካ ሰፊዎቹ፣ ሁለቱን ቃል ሲያጋቡ፣
አንዱን ረሱት፦ «ለማን?»

ከተማ ተመልሼ፣ በዚያው አምፖል ሥር፣ ብዙ ነገር ሰረዝሁ፤
ደሙን፣ ጩኸቱን፣ የሌሊት ወፉን።
በሟቹ ክፍል ውስጥ አንዲት ዶሮ አስቀመጥሁ፣
ሞቅ ያለች፣ ዝም ያለች፣ የታቀፈች።
ያነበቡት ሁሉ ከመጽሐፉ የሚያስፈራው ገጽ እሱ ነው ይሉኛል።
ለምን እንደሆነ
እኔም እንጃ።