ያልታጠበው ኩባያ

ባሕር የለም እኛ ዘንድ፤ ኦስትራቫ ከሰል ናት፣
ጣሪያዋም ጥላሸት፣ ወንዟም ጥላሸት።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ጉድጓድ ወርጄ፣
ጥቁር ስቆፍር ኖሬ፣ ጥቁሩን ለምጄ፣
ዛሬ በስተርጅና፣ በመታጠቢያ ቤት፣
ተንበርክኬ አለሁ ከነጭ አሸዋ ፊት።

ሦስት ከረጢት ነው፤ የዛጎል ስባሪ፣
የኮራል ትራፊ፣ የማዕበል ፍርፋሪ።
ኮምጣጤ ጠብ አረግሁ በማንኪያ ዘግኜ፤
አረፋ ደፍቆ ሳቀ፣ አየሁት በዓይኔ።
የወንዝ አሸዋ ቢሆን ዝም ባለ ነበረ፤
ይሄ ግን ኖራ ነው፣ ከባሕር ነው፤ ተናገረ።

ባልዲዬን ሞላሁት እስከ ግማሽ ድረስ፤
እጄን ነከርሁበት ክርኔ እስኪርስ።
ከሥሩ አማሰልሁ። ወተት ሆነ ውሃው።
ደፋሁት። ደገምሁት። አሁንም ወተት ነው።
ሦስተኛው አጓት ነው፤
አራተኛው ጉም ነው፤

ቭላስታ ከበሩ ላይ፣ እጇን ወገቧ ላይ፦
«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ፍሳሹን አታይም ወይ!
ከሰሉ ሲገርመኝ ደግሞ ኖራ መጣ፤
ከዚህ ቤት አቧራ መቼ ነው የሚወጣ?»

እውነቷን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
አንገትጌዬን ስትፈገፍግ ጣቶቿ ቆሰሉ።
ከፈረቃ ስንወጣ፣ በሻወሩ ተርታ፣
አንዱ የአንዱን ጀርባ ሲፈትግ ማታ ማታ፣
ጥቁሩ ውሃ ይወርዳል በእግራችን መሃል፤
ሰው ከሥሩ ይወጣል፣ ዓይኑ ላይ የከሰል ኩል።
ሳንባም ኩል አለው፤ እሱን ማን ያጥበዋል?
ሐኪሙ ፊልሙን ያይና ጉሮሮውን ይጠርጋል።
ያፏጭ የነበረው ሌኦሽ አሁን የለም፤
ትንፋሹ ከደረጃው ሁለተኛ ፎቅ አላለፈም።

ስምንተኛ ባልዲ። ዘጠኝ። ወገቤ ተሰበረ።
ውሃው ጠራ፤ ጣቴ ከሥር ተቈጠረ።

በመስታወቱ ሳጥን ወለል ላይ አነጠፍሁት፣
በሁለት ጣት ከፍታ በእጄ አስተካከልሁት።
ጨዉን በሚዛን ለክቼ፣ በባልዲ በጥብጬ፣
አሸዋው እንዳይጎደጉድ ሰሃን አስቀምጬ
(የቭላስታን የበዓል ሰሃን፤ ብትሰማ ወዮልኝ!)
ቀስ አድርጌ አንቆረቆርሁ፣ እጄ እየራደብኝ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ኪየም ነው፣ ጎረቤት፣
ከሃይፎንግ የመጣው፣ የኪዮስኩ ባለቤት፤
በአንድ እጁ ኩባያ፣ አፉ ላስቲክ ለብሶ፣
ውስጡ ግራጫ አሸዋ፣ ከአሮጌ ገንዳው ታፍሶ።
ሽታው የወደብ ሥር፣ የገመድ፣ የዓሣ፤
የክር ያህል ትልም ራሱን አነሣ።

እጄ በልማዱ ወደ ቧንቧው ሲሄድ
ኪየም ክንዴን ያዘ፣ ጥብቅ አርጎ እንደ ገመድ።
«ተው፣ ቦሁሚር!» አለ፤ «ይሄ ውሃ ይገድለዋል።
ያንተኛው ንጹሕ ነው፣ ሙት ነው። ከዚህ ይማራል።»

ዝም አልሁ። እድፍ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፤
የትኛው እንደሚገድል፣ የትኛው እንደሚያኖር
ሽታውን ለይቶ ማን አስተማረኝ፣ ከኪየም በቀር?
ኩባያውን ደፋሁት ከነጩ መሀል ላይ፤
እንደ ማዲያት ሆነ በሙሽራ ፊት ሲታይ።

ማታውን ገንዳው እንደደፈረሰ ቀረ፤
ዘጠኝ ጊዜ የታጠበው ጭጋግ ፈጠረ።
ቭላስታ ወንበር ስባ፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣
«ምን ይታያል?» አለች።
«ምንም፤ ገና አልመጣ።»
ሳልሁ። ጀርባዬን መታ መታ አረገችኝ።
ሰሃኗን አይታዋለች፤ አልጠየቀችኝ።