የወንዜ ልጅ

ኮምቦልቻ ወደብ አላት፤ ባሕር ግን የላትም።
ስሙ ደረቅ ወደብ ነው፣ ማዕበል አያውቅም።
እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ኩንታል እቆጥራለሁ፣
የተቀደደ ካለ «ጉድለት» ሥር እጽፋለሁ።

ሚያዝያ፣ አንድ ረፋድ፣ ይመር ከነመኪናው
ከአፍዴራ ደረሰ፤ ጭነቱ ጨው ነው።
ሸራውን ስንገልጥ፣ ከኩንታሎቹ ሥር
ብቅ አለች አንዲት ጉድ፣ እፍኝ የማትሞላ ፍጡር፤
ጅራቷ ከገላዋ ይበልጣል በርዝመት፣
እግሯ እንደ ባሌስትራ፣ ዓይኗ የሌሊት።
አንዱ ጫኝ «አይጥ!» ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ፣
ይመር ገላገላት፦ «ተው፣ እንግዳ ናት እሷ!»
የሃይላንድ ላስቲክ ቆርጠን ቤት ሠራንላት፣
በክዳኑ ውሃ ሞልተን አቀረብንላት።
አየችው። አሸተተች። ከዚያ ፊት ነሳችው፤
እንደ ጉቦ ነገር በእግሯ ገፋችው።

ይዣት ሄድኩኝ ማታ ወደ እትዬ ሉባባ፣
ድልድዩን ተሻግሬ፣ ልክ ፀሐይ ስትገባ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማረች፣
ጡረታ ወጥታ እንኳ ጠመኔን ያልተወች፤
የጓዳዋ በር ላይ የወተት ሂሳብ አለ፣
ከሥሩ የሴል ሥዕል፣ በግማሽ የተሣለ።

«ውሃ አትስጣት» አለች፣ መነጽሯን ጠርጋ፤
«ጥሬውን ቆርጥማ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ሰውነቷ ራሱ ውሃ ያወጣዋል፣
ከደረቅ እህልም እርጥበት ይወልዳል።
ኩላሊቷ ንፉግ፣ ሽንቷ እንደ ማር ወፍራም፤
ቀን ጉድጓዷን ደፍና ትተኛለች፣ አትላብም።»

«ማን አስተማራት?» አልኩ።
«ድርቅ አያስተምርም። ድርቅ ይለቅማል።
ምስር በሰፌድ ላይ ሲለቀም አይተሃል?
እንደዚያ ነው፤ ብቻ እጁ ዓይን የለውም።
አንዲት ጠብታ የጎደለው ይወድቃል፣
ያልጎደለው ያድራል፣ ያደረው ይወልዳል።
ይቺን ያሳመሯት ያለቁት ናቸው።
ጥበብ የምንለው
የነሱ ጉድለት ነው፣ ተገልብጦ የተጻፈ።»

«ወንዙስ?»
«ወንዙ ሌላ ሥራ ነበረው።
ድሮ፣ ዓመት የሚቆጥር ሰው ሳይኖር፣
ቆላው ሁሉ ሐይቅ ነበር፣ ጉማሬ የሚንቦጫረቅበት።
ዝናቡ ሲርቅ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉን ጥሎ።
ወንዝ መንገድ ሲቀይር
እህትማማች አይጦች ወዲህና ወዲያ ቀሩ፤
ለአንዷ አሸዋ ደረሳት፣ ለአንዷ ጥቁር ድንጋይ፣
ያቺ ፈዘዘች፣ ይቺ ጠቆረች።
ከስንት ሺህ ትውልድ በኋላ
ማዶ ለማዶ ቢተያዩ
«የማን ልጅ ነሽ?» ይባባላሉ።»

ከዚያ ዝም አለች። ጠመኔውን አስቀመጠች።
ረሳሁት እንጂ አውቅ ነበር፦
በሰባ ሰባት ከአምስት ልጆች እሷ ብቻ ናት የተረፈች።
«ለሰው ግን እንዳትለው ይህን» አለችኝ።
«እኛን ድርቅ አልለቀመንም።
እኛን የለቀመን የዘገየ መኪና ነው።»

ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምኩ።
ቦርከና ክር ሆኖ፣ አረፋ ተሸክሞ፣ ፌስታል እያንከባለለ
ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ወደ አቤ።
ባሕር አያይም፤ ጨው ላይ ይቀራል፣
እንደ ወደባችን።
ቤቴ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣
ቧንቧዋ ከመጣች አሥራ ሁለት ቀኗ።
ላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ
ሁለታችንም ሳንጠጣ አደርን፣
እሷ በችሎታ፣ እኔ በወረፋ።

በማግስቱ ይመር ባዶውን ሲመለስ
ጋቢና ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ፣ አሳፈርኳት።
ከሚሌ ወዲያ ሆኖ ደወለ፤ ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል፦
«ለቀቅኳት። ሁለቴ ዘለለች፣ ጠፋች።
ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም፣ ምን ዓይነት ናት!»
«ተዋት» አልኩት፣ «የወንዜ ልጅ ናት።»
«ምን?»
«የወንዜ ልጅ!»
መስመሩ ተቆረጠ።
መዝገቡን ገለጥኩ፣ ያንን ኩንታል ፈለግሁት፤
ከሥሩ ተነክሷል፣ ጥቂት ጨው ፈስሷል።
«ጉድለት» የሚለው ዓምድ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፣
ብዙ ቆየ።