በሞቴ ያላለችኝ

የወገብ መስመር ላይ ነኝ፣ ሦስተኛው ሼድ፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ፤
ለማላውቃቸው ወገቦች ላስቲክ ስወጥር ነው የሚመሽብኝ።
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አራት፤
ቁጥሩ ሲያንስ ጨርቁ ይቀላል። ሰውም እንዲያ መሰለኝ፣ አንድ ሌሊት።
ሜትሩን በጉያዬ ሸሽጌ ወጣሁ፣ ፈታሿ አላየችኝም፤
ከዚያ ወዲያ ሳልለካ አልተኛም።

"ጾም ነኝ" አልኩ። ጾመኛን ማን ይመረምራል?
ረቡዕ ዓርብን ይስባል፣ ዓርብ ሰኞን ይጠራል።
ጽጌ አለፈ፣ የነቢያት አለፈ፣ ሁዳዴም አለፈ፤
የኔው ብቻ፣ ፋሲካ የሌለው፣ ከሁሉም ተረፈ።

ሌሊት ግን ሌላ ሰው ነኝ። ፋንቱንና ዘኒትን እንቅልፍ ሲጥላቸው
ቆሜ፣ በጨለማ፣ በሶውንም ዳቦውንም፣ ሳልቀምሳቸው
እጨርሳለሁ።
ጠዋት "አይጥ ነው" እላለሁ።
ፋንቱ ከገበያ ወጥመድ ገዝታ መጣች።
ከአልጋዬ ሥር አጠመደች።

እናቴ ከሻሸመኔ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ አየችኝ፤
"በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። በሞቴ" እያለች ጉርሻ ዘረጋችልኝ።
አፌን ገጥሜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።
በአንድ ገበታ ስንቴ ገደልኳት! ሰባት ጊዜ። ቆጠርኩ።
እኔ ሁሉን እቆጥራለሁ።

ግንቦት ላይ ማሽኑ ፊት ወደቅሁ።
ክሊኒኩ ግሉኮስ ሰቀለ፣ ወረቀት ጻፈ፣ ወደ ሪፈራል ላከኝ።
ሁለተኛ ፎቅ፣ ከክትባቱ ክፍል አጠገብ፣ ጠባብ በር ተከፈተልኝ።
ነጭ ጋውኗ ላይ "ብዙነሽ ላሚሶ" ይላል። ሳነበው ደነገጥኩ፤
ብዙ ነሽ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። እኔም ማነስ ስማር ከረምኩ።

ሚዛኑ ፊቱን ወደ ጥግ አዙሯል፣ እንደተቀጣ ተማሪ።
ውጪበት ትለኛለች ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ።
"ተይው" አለችኝ፣ "ጫማሽን እሰሪ።"
በሞቴ አላለችም። ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ምነው፣ አላለች።
"ጾምሽ የሚፈታው መቼ ነው?" አለች።

ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ አለፈ።
እንባዬ ነበር የመለሰው።

በሐኪም ማዘዣ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። መድኃኒት መስሎኝ ነበር፦
"ጠዋት፣ ከሰርቪስ በፊት፣ አንድ ነገር።
የፈቀድሽውን። ቁጭ ብለሽ።"
"ቁጭ ብለሽ" የሚለውን ሁለቴ አሰመረችበት።

በሦስተኛው ሳምንት አሞራ ገደል ወሰደችኝ።
ዓሣው ተጠበሰ፣ ዳጣው ቀረበ። እሷም በላች፣ እኔን ግን አላየችኝ፤
ስለ ልጇ የኳስ ጫማ ታወራለች፣ መሐል መንገድ ስለተገነጠለው።
እኔ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ይዤ ሐይቁን አያለሁ፣
ዘይቱ በጣቴ እየወረደ፣ እየቀዘቀዘ።
አንድ አባ ኮዳ ከረጢቱን አንጠልጥሎ አጠገባችን ቆሟል፣
መላጣ፣ አስቀያሚ፣ የሰው ዓይን የማይፈራ፤
የተጣለለትን ይውጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጠብቃል፤
ወገቡን የለካለት የለም።
አፌ ውስጥ አኖርኩት። ጨው ነበረው።
አባቴ አጥንቱን እየለቀመ የሚሰጠኝ ዓሣ ትዝ አለኝ፤ እሱም ጨው ነበረው።
"ጫማውንስ አሰፋሽለት?" አልኳት።

ዳንኩ አልልም። ማክሰኞ ለት ሌሊቱ መልሶ ወሰደኝ፤
ሄጄ ነገርኳት። "ማክሰኞ" ብላ ጻፈች።
ቀና ብላ፣ "ረቡዕስ?" አለች።
ረቡዕን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።
ሜትሩም ጉያዬ ውስጥ አለ፤ አልዋሽም።

ትናንት ማታ መብራቱን አበራሁ።
"ፋንቱ፣ አይጧ እኔ ነኝ" አልኩ።
ዘኒት ብርድ ልብሷን ገልጣ ተነሣች።
ፋንቱ ብዙ ዝም አለች፤
ከዚያ በርከክ ብላ ወጥመዱን ከአልጋዬ ሥር ሳበች፣
ሽቦውን አላላች፣
ከፌስታሉ ዳቦ አውጥታ ለሦስት ቆረሰች፣
የኔውን ድርሻ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና፣
"ቁጭ በይ እንጂ" አለች፣ "ቆሞ ይበላል እንዴ?"