ከዝናቡ ሱቅ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ደብረ ብርሃን ወረድኩ፤
የዝናብ ልብስ ፍለጋ ሰልባጅ ተራ ዞርኩ።
ሻጩ ዝናቡ ይባላል፤ ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት፤
«ውሃ የማያስገባ ጃኬት አለህ?» አልኩት።

«አለህ ወይ ትያለሽ? ይኸው የጀርመን ነው፤
ያኛው የኮሪያ፤ ይሄ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ጉድ ነው!
ወንዝ ያሻግራል፣ በረዶ ይመልሳል፣
ለብሶት የሞተ ሰው ደርቆ ይቀበራል።»

ቀልድ አይለበስም። መርፌ ባለፈበት
ውሃም መንገድ አለው፤ ስፌቱን አየሁት፣
ውስጡን ገልብጬ እንደ በግ ጨጓራ፣
ብብቱን፣ አንገቱን፣ ተራ በተራ።
የአንዱ ፕላስተር ተልጦ እንደ ምላስ ወጥቷል፤
የሌላው ኮፍያ ሰፍቶ ዓይኔ ላይ ይወድቃል፣
ማየት ነው እንጀራዬ።
«ቀዩ ያምርብሻል» አለኝ። «ማን ሊያየኝ?» አልኩት፣
«ጭላዳው ወይስ ጉሙ?»
ዝም ብሎ አጠፈው።

በመጨረሻ አንድ አረንጓዴ፣ ደብዘዝ ያለ፣
ከክምሩ ሥር ተጨምድዶ የተኛ።
ዚፑን በጓንት እጄ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤
የቀዘቀዘ ጣት ዚፕ አያውቅምና።
ከሃይላንዴ ውሃ ጠብ አደረግኩበት፤
እንደ ዶቃ ሆኖ ተንከባለለበት።
እጥፋቱ ላይ አቁሬ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ፣
ስመለስ እጄን ከውስጥ ሰድጄ ዳበስኩ፦
ደረቅ። እንደ ጥር አፈር።
ሦስት ሺህ ያለው ሁለት ከስድስት ላይ ቆመ፤
በዕቃው ማለና በዋጋው ታመመ።

ሰኞ ጓሳ ወጣሁ።
ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ገደሉን በእጁ እየዳበሰ መጣ፣
ቀጥሎ በረዶው፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል፣
ትከሻዬን ደበደበው፣ ጀርባዬን ደበደበው፣
ጠብታ አልነካኝም።
ዝናቡ አልዋሸኝም።

ግን ስራመድ ሿ ይላል፣ ክንዴን ሳነሳ ሿ፣
መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሳደርስ ሿ፣
ቀይዋ ቀበሮ ከአይጥ ጉድጓድ ራሷን አነሣች፣
እኔን አላየችም፤ ልብሴን ሰማች፣
ሄደች።
ማክሰኞም እንዲያው። ረቡዕም እንዲያው።
የምቆጥራት እኔ፣ የማባርራት እኔ፤
መዝገቤ ላይ ሦስት ቀን ባዶ ጻፍኩ።
ስፌቱን ጠይቄ፣ ውሃውን ጠይቄ፣
ድምፁን ሳልጠይቀው ገዝቼ መጣሁ፣ ወይ እኔ አዋቂ!

ማታ መሐል ሜዳ፣ አባቴ እርገጤ
ጉዴን ሰምቶ አልሳቀም፤ ወንበር ላይ ወጣና
ገሳውን ከግድግዳ አወረደ፣
ጓሳው ለአጨዳ በተከፈተ ዓመት
በእጁ የጎነጎነውን። (አዲስ ልሥራ ብል ሣሩ ዘንድሮ ዝግ ነው፣
ዘቧም ደግሞ እኔው ነኝ።)
«ይሄ ውሃ ያስገባል፣ አልዋሽሽም፤» አለኝ፣
«ትከሻው ሳስቷል፤ የእኔም ሳስቷል።
ግን ሣር ሣርን አያስደነግጥም።»

አሁን ጃኬቱ ከውስጥ ነው፣ ገሳው ከላይ።
ባልደረባዬ ተክሌ ከሩቅ አይቶኝ
«ድርቆሹ ሄደ፣ ያዙት!» ብሎ ጮኸ።
ይከብዳል። ሲረጥብ የቤታችንን ጭስ ይሸታል፣
አቀበት ላይ ብብቴን ላብ ያጥበኛል፤
ለካ ውሃ የማያስገባ አያስወጣም፤
ዝናቡ ጋ ስመለስ በዚህ እንጣላለን።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣
ከጅብራው ጎን ተቀመጥኩ።
ካፊያው በገሳዬ ጭራ ጭራ ይወርዳል፣
በቀጭኑ ትከሻ የገባው
ጃኬቱ ላይ ደርሶ መንገድ ጠፍቶት ቆሟል።
ቀበሮዋ መጣች። ራሷን አነሣች።
አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ፣ አንዱን ወደ ጉሙ አዞረች፣
ከዚያ አፍንጫዋን ጉድጓዱ ውስጥ ከታ
መቆፈሯን ቀጠለች።

መዝገቤን ከሣሩ ሥር በቀስታ አወጣሁ፤
እርሳሱ ረጥቦ እምቢ ሲል ደጋግሜ፣
«አንድ» ብዬ ጻፍኩ።